የትርንጎ ልጆች ስንት ነበሩ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግረኝን ሰው አላምንም ነበር። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከእናቴ ይመስለኛል። እናቴ ወተት ስትገዛ አንዲት ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ጣል አድርጋ፣ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ትፈስሳለች፣ ካልገባበት ትቆማለች ብላ ስትመረምር፣ ወተት ሻጯ በር ላይ ቆማ በትዕግሥት ትጠብቃት ነበር። እኔም የአደይ ጽርሃን ተረት እንደዚያ እያንጠባጠብኩ የማይ ልጅ ነበርኩ።

አደይ ጽርሃ የአባቴ አክስት ነበሩ። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ጉብታ ሥር ባለው ቤታችን ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ቋንቋቸው ትግርኛ ነው፤ ተረት ሲጀምሩ ግን ለእናቴ ሲሉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። እናቴ የደሴ ልጅ ስለሆነች በትግርኛ ተረት ላይ የምትስቀው ሰው ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ አይወዱም። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። እንደጠፋ ፋኖሱ ይለኮሳል፣ የላምባው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ምድጃው ላይ በቀረችው ፍም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየተቆራረሰ ይታደለናል። አደይ ጽርሃ እንዝርታቸውን ይዘው ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ ጥጡ ከጣታቸው እየተሳበ ሲቀጥን፣ ጥላቸው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ እኔ ከእናቴ ጎን ተወሽቄ ዛሬ የት ላይ ይስቱ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ተረታቸው ብዙ ነበር፤ ጅብም ዝንጀሮም ነበረበት። ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ ትርንጎ ላይ ያርፋል። ትርንጎ የአባታቸው አያት ናት። ንጉሡ መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥት በሚያሠሩበት ዘመን የጁ ውስጥ የምትኖር ባለትዳር ነበረች። ባሏ እንጨት ጠራቢ ነበርና ለሥራው ተጠርቶ ሄደ፣ ሄዶም ቀረ። ትርንጎ ክረምቱን ጠበቀች፤ ክረምቱ ሲወጣ አንዲት አህያ ገዝታ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ወንዱን ልጇን በአንዱ ሴቷን በሌላው አስቀምጣ ባሏን ፍለጋ ወደ ሰሜን ተነሣች። ሁለቱ ልጆች በክብደት እኩል ስለነበሩ ጭነቱ አያጋድልም፤ አንዱ ቂጣ የበላ እንደሆነ ለሌላዋም እኩል ይሰጣታል፣ አለዚያ አህያዋ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ይህን ሲናገሩ አባቴ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ለአባቴ ያ የቅርጫት ነገር የዘር ሐረጋችን ማኅተም ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኛ እኮ በአህያ ተጭነን የመጣን ነን» ይላል።

ትርንጎ መቀሌ የገባችው በገበያ ቀን ነው። ጠይቃ ጠያይቃ ባሏን ከሌላ ሴት ቤት፣ ከማዕድ ላይ አገኘችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልጆቿን ከቅርጫቱ አወረደች፣ እጇን ታጠበች፣ ቁጭ ብላ አብራቸው በላች። በነጋታው ባልየው መጥረቢያውን ይዞ ከዚያ ቤት ወጣና ከጉብታው ሥር ድንጋይና እንጨት አዋድዶ ሕድሞ ሠራላት። እሷም እዚያ ቤት ሰዋ የሚባለውን ጠላ እየጠመቀች፣ ቋንቋ እየተማረች፣ ባሏን በዓይኗ ጫፍ እየጠበቀች ልጆቿን አሳደገች። እኛ የዚያ ወንድ ልጅ ዘር ነን። የሌላዋ ሴት መጨረሻ እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ አደይ ጽርሃ «ሄደች» ይሉኛል፤ ወዴት ስላቸው እንዝርታቸውን ያሾሩታል።

ተረቱ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ዛሬ ግራጫ የነበረችው አህያ በሌላ ጊዜ ጥቁር ትሆናለች። ወንዙ አንዳንዴ ሞልቶ ይጠብቃታል፣ አንዳንዴ ጠጠሩ ይቆጠራል። አንድ ምሽት፣ «ልጆቹ ቅርጫቱ ውስጥ ከሆኑ ስንቁ የት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በጀርባዋ» አሉ።

«ውኃውስ?»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» አሉኝና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር እንደተሸሸገ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ሰናይት ያኔ ተምራ ጨርሳ ሓወልቲ አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ነበር። አደይ ጽርሃን የምትጦር እሷ ናት ማለት ይቻላል። ጠጉራቸውን የምታጥብ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርስ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጥ እሷ ነበረች። እሷ ከሥራ ካልገባች እራት አይቀምሱም። ይህን የምናገረው ኋላ ለመጣው ጥርጣሬ ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው።

ሰናይት መላኩ የሚባል ሰው ወደደች። መላኩ የወልድያ ልጅ ነበር፤ መሬት ቀያሽ ሆኖ ለመንግሥት ሥራ መቀሌ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የጠጣ ሰው። እኔ የወደድኩት አንድ ቀን ቃላሚኖ በኩል ሲለካ አግኝተነው በዚያች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አጮልቄ እንዳይ ስለፈቀደልኝ ነው። ሩቅ ያለው ዛፍ አጠገቤ መጣ። ሰናይት ከጎኑ ቆማ ስትስቅ አየኋት፤ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

መላኩ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ደስ አለው፤ የአገሩ ወግ ግን ወግ ነውና «ዘር ይቆጠርና እንነጋገር» ብሎ መለሳቸው። ዘር መቁጠር ማለት የልጅቱም የልጁም ወገን አባት አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት መዘርዘር ነው። ከሰባቱ በታች ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸውና ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ ካህንም ሽማግሌም አያሻግረውም። አባቴ ግን አልሰጋም። ሽማግሌዎቹ በወጡበት ምሽት በፋኖሱ ብርሃን ጣቱን እያጠፈ ከሰናይት ተነሥቶ ወደ ላይ ቆጠረና ስድስተኛዋ ላይ ትርንጎን አገኛት። «ትርንጎ የየጁ ሰው ናት፣ ልጁም ከዚያው በኩል ነው፤ እሷ ግን ሁለቱንም ልጆቿን በቅርጫት ይዛ ስለመጣች እዚያ የቀረ ሥጋ የለንም» አለ።

እንዝርቱ ቆመ። አደይ ጽርሃ ቀና ሳይሉ፣ «ሦስት ነበሩ» አሉ።

«ምኖቹ?» አለ አባቴ።

«የትርንጎ ልጆች።»

ከዚያ ያለ እንዝርት፣ ያለ ጥላ፣ ያለ አህያ ቀለም ተናገሩ። ትርንጎ ከሁለቱ በላይ የሆነች ጥሩዬ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻት። ለመሄድ ሳምንት ሲቀራት ልጅቱ ምድጃ ውስጥ ገብታ ቀኝ እግሯ ተቃጠለ። በእግሯ መሄድ አትችልም። ቅርጫት ውስጥ እንዳትገባ ትልቅ ናት፤ እሷ የገባችበት ወገን መሬት ይነካል፣ ሌላው ወደ ሰማይ ይወጣል። ትርንጎ አንድ ቀን ሙሉ ስትጭን ስታወርድ ዋለች። በመጨረሻ ጥሩዬን ለእህቷ ሰጥታ፣ እግርሽ ሲድን መጥቼ እወስድሻለሁ ብላ ወጣች። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፣ ከብቱ አለቀ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ አልቋል የሚል ወሬ ደረሰ። ትርንጎ ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት ሁለት ማለት ጀመረች።

ሰናይት የያዘችውን እሸት ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። «በሕይወታችን ሙሉ ሁለት የነበሩት ልጆች ዛሬ ሰናይት ስትጠየቅ ሦስት ሆኑ?» አለች። ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳት። እኔን ሳይሆን ምጣዱን የምታናግር መስላ፣ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች። «ልጅቱ ወልድያ ከሄደች ጠጉራቸውን ማን ሊያጥብ?»

እኔም ያንኑ አሰብኩ፤ አምኜም ተቀበልኩት። አሮጊቷ ጧሪያቸውን ላለመስጠት የሞተች ሴት አስወለዱ። ውሸታቸውን ለማውጣት ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሰው በቤቱ አልነበረም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ መብራት ጠፋም አልጠፋም አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ስለ ጥሩዬ ንገሩኝ እላቸው ጀመር። አንድ ጊዜ ከመጨረሻው፣ አንድ ጊዜ ከመሐሉ እጠይቃቸዋለሁ። አስመስዬ «ያ ግራ እግሯ ሲቃጠል» እላለሁ፤ «ቀኝ» ይላሉ። «አያቷ ጋ ስትቀር» እላለሁ፤ «አክስቷ ጋ» ይላሉ። የአህያዋ ቀለም እንደ ልማዱ ተለዋወጠ፣ ወንዙ ሞላ ጎደለ፣ የጥሩዬ እግር ግን ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ ሰናይት ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠጉራቸውን ስታጥባቸው እኔ ውኃ ማሞቂያው አጠገብ ነበርኩ። ጆግ እያነሣች ቀስ ብላ «አደይ፣ ዝም ቢሉስ?» አለቻቸው። ስትለምን ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አደይ ጽርሃ ዓይናቸውን ከሳሙናው ጨፍነው መለሱ። ነገሩን የነገረቻቸው የአያታቸው እህት፣ ያቺ በሁለተኛው ቅርጫት የመጣችው ልጅ ናት፤ አርጅታ፣ ሞቷ ሲቀርብ። ለማንም አትንገሪ፣ እናታችን ልጇን ጥላ የመጣች ናት እንዳይባል፤ ከዚያ አገር ለጋብቻ ሰው የመጣ ዕለት ግን እንዳትደብቂ ብላ አስምላቸዋለች። «ዝም ብዬ ነው የኖርኩት ጓለይ» አሉ። «ሰው እስኪመጣ ነበር። አሁን መጣ።»

«የሱ ዘር ላይሆን ይችላል።»

«እወ። ላይሆን ይችላል። እንዲያ ካደረገልን እኔው እልል እላለሁ።»

ሰናይት ውኃውን አፈሰሰችላቸው። እጇ ግን አልተቆጣም፤ እንደ ሁልጊዜው በጆሯቸው እንዳይገባ በመዳፏ ከልላ ነበር።

የመላኩ ወገን ዘር ቆጥረው የሚነግሩ የአባቱን እህት እማማ ሸዋዬን ከወልድያ አስመጣ። እናቴ ያኔ ብልሃት አበጀች። እንግዳዋ ቆጥረው እስኪጨርሱ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል፣ ስለ ጥሩዬም ሆነ ስለ እግሯ አስቀድሞ ወሬ እንዳይወጣ አባቴን ቃል አስገባችው። መላኩም አልሰማም። እማማ ሸዋዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ሰፊ ፊት ያላቸው፣ ነጠላቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ሲቀመጡ ቤቱን የሚያሞቁ ሴት ነበሩ። መላኩ አዲስ ጫማ አድርጎ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጧል። ሰናይት ጓዳው በር ላይ ቆማለች። እናቴ ከአደይ ጽርሃ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ጉልበቷን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች፤ እንዳያመልጧት የምትጠብቃቸው ትመስል ነበር።

በእናቱ በኩል ተቆጠረ፤ የሚያገናኝ የለም። ከዚያ በአባቱ በኩል ጀመሩ። እማማ ሸዋዬ የወንድማቸውን፣ የአባታቸውን ስም ጠሩ፤ ከዚያ የአባታቸውን እናት። «እሷን የወለደቻት ደግሞ ጥሩዬ ናት» አሉ። «እዚያ ላይ ይቆማል። የጥሩዬን እናት አናውቃትም፤ በአክስቷ እጅ ነው ያደገችው።»

አባቴ ጣቱን ሲያጥፍ ትርንጎ በዚህም ወገን ስድስተኛ ላይ ወደቀችና ወደ መሬት አየ። እናቴ ግን እጅ አልሰጠችም፤ ጥሩዬ የሚባል ስም ስንት አለ ብላ ይሆናል። አደይ ጽርሃን በዓይኗ ይናገሩ አለቻቸው።

«እግሯስ?» አሉ አደይ ጽርሃ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እማማ ሸዋዬ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ቀኝ እግሯ በእሳት የተበላ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንካሳ ነበረች። ማን ነገረዎት?»

ወዲያው ገባቸው መሰለኝ። ተነሥተው መጡና አደይ ጽርሃን አቀፏቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ደጋግመው ተሳሳሙ፤ ሁለቱም አለቀሱ። እማማ ሸዋዬ እያለቀሱ ይናገሩ ነበር። ጥሩዬ ትልቅ ሴት ሆና፣ ባል አግብታ፣ ልጅ ድራም ቢሆን ከሰሜን የሚመጣ ነጋዴ ሲያልፍ ደጅ ትወጣ ነበር አሉ። ልጆቿ ምን ትፈልጊያለሽ ሲሏት ምንም ትላለች። አደይ ጽርሃ ይህን ሲሰሙ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ደስታ ሆነ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ እሱ ነው። የጠፋ ዘመድ ተገኘ፣ ሽማግሌዎቹ አመሰገኑ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ተባለ፣ አባቴ ፊቱን በነጠላው ጠርጎ እማማ ሸዋዬን እህቴ እያለ ጠራ። ምግብ ይቅረብ ተባለ። ለምን እንደተሰበሰብን ለአንድ አፍታ የተረሳ መሰለ። መላኩ ብቻ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የአዲስ ጫማውን ጫፍ ያያል።

ሰናይት ማስታጠቢያውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከእማማ ሸዋዬ ጀምራ ለሁሉም እጅ አስታጠበች። መላኩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ውኃውን አፈሰሰችለት፤ እሱም ታጠበ፤ ፎጣውን ከትከሻዋ አንሥቶ እጁን አደረቀ፤ ቀና ብለው አልተያዩም። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስከተላት ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት፤ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። «እውነታቸውን ነው» አለችኝ። በእናቴ አፍ እውነት የሚለው ቃል እንደ መርዶ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መላኩ ወንድማችን ሆነ። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው፤ በዓል ሲሆን መጣ፣ አባቴ ሲሞት ሬሳ ተሸከመ፣ ከዓመታት በኋላ ሚስቱን አምጥቶ አስተዋወቀን። ሰናይትም አገባች፣ ወለደች። አደይ ጽርሃን እስከ መጨረሻቸው ጠጉራቸውን ያጠበቻቸው እሷ ናት፤ ቂም ሲያልፍባት አላየሁም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ የትርንጎን ተረት አልደገሙትም። እኔም ንገሩኝ አላልኩም።

በቅርቡ፣ መንገዱ በተዘጋባቸው፣ ስልክም መብራትም በጠፋባቸው ዓመታት፣ ሰናይትና እኔ ልጆቻችንን ይዘን በአንድ ቤት ነበርን። ላምባ ሲገኝ ትንሽ እናበራለን፣ ሳይገኝ በፍሙ ብርሃን እንቀመጣለን። ወደ ወልድያ ተመልሶ ስለነበረው ስለ መላኩ ወሬ አልነበረንም፤ ይኑር ይሙት አናውቅም። ሰናይት ስሙን አታነሣም፤ ግን ከወልድያ በኩል በእግሩ ገባ የተባለ ሰው በተሰማ ቁጥር ነጠላዋን አንሥታ ትወጣለች። አንድ ምሽት ከእንዲህ ያለ ጉዞ ባዶ እጇን ስትመለስ ያልጠየቅሁትን ጠየቅኳት። አደይ ጽርሃን ይቅር ብለሻቸዋል ወይ አልኳት።

«እሳቸው ምን አደረጉ?» አለች። «እኔ ያልማርኳት ትርንጎን ነው።» ፍሙን በጉጠት ገለጥ አደረገችና ልጆቿ ወደተኙበት አየች። «ደግሞ አስባለሁ፤ ማንን ትታ ትሂድ?»

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ መላኩ ደወለ፤ ደኅና ነበር፤ ሰናይት ስልኩን ከእጄ ወስዳ «ወንድም ጋሼ» ብላ ረጅም ሰዓት አወራችው፣ ድምጿ ሳይሰበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ጠርቶ አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ልጅ ሳለ አንድ ነገር ይጸልያል። እኔ እናቴ አጠገብ ተወሽቄ፣ ዓይኔን አሮጊቷ ላይ ተክዬ፣ አምላኬ ሆይ አደይ ጽርሃን ውሸታም አድርጋቸው ብዬ እጸልይ ነበር። ሁሉ ነገር ካለፈና ካበቃ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ሰናይት ከመላኩ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ ፊቷን ሳይ ግን ያቺን ጸሎት ዛሬም እየደገምኩ ራሴን አገኘዋለሁ።